ጀማልን የሚጠብቅ ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት

ወጣ። ሱብሂ ሰግዶ፣ ጫማውን በረንዳው ላይ አስሮ፣ ወደ ተራራው። እኔ ስፌት ቤቴን ከፍቼ መኪናው ፊት ተቀምጫለሁ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ክሩ ምን አጠፋ፣ ዓይኔ ተራራው ላይ ነው። ለኒካህ የሚለበስ ቀሚስ ዛሬ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። አይደርስም።

ጉሙ እስከ ጫት ማሳዎቹ ወርዷል። ከታች ባጃጁም ሰውም እንደ ልቡ ይመላለሳል። ተራራው ግን የለም፣ ተውጧል። ባሌ እዚያ ውስጥ ነው።

ስሚኝ ደብተሬ። ለሰው አልናገርም ብዬ ምያለሁ፤ አንቺ ሰው አይደለሽም። ጀማል የስፖርት አስተማሪ ነው። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የማይሰማ ሰው። ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ እጅ እግሩ ተንፈራገጠ፣ ምላሱን ነከሰ። የሞተ መስሎኝ ጮህኩ። እዚህ እንዳይታወቅብን ድሬዳዋ ሄድን። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለ። ኪኒን ሰጠው። ብቻህን አትሩጥ፣ ገደል አጠገብ አትሂድ አለው። ጀማል እሺ ዶክተር አለ። በሳምንቱ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዛ።

የምናውቀው እናቱና እኔ ብቻ ነን። ት/ቤት ከሰማ ክፍል አያስገቡኝም ይላል። ተማሪዎቼ ይሸሹኛል ይላል። ምን ልበለው? የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ማን ይነካዋል? ይጋባል ብለው ይርቃሉ።

ረፋድ ላይ

መጣ። ጉልበቱ ጭቃ ነው። አዳልጦኝ ነው አለ። ምላስህን አሳየኝ አልኩት። ሳቀ፣ ግን አሳየኝ። አልተነከሰም። አልሐምዱሊላህ። ቁርስ አቀረብኩለት፤ እኔ መብላት አቃተኝ።

እንዲህ አልችልም። ነገ ለአብዲ እደውላለሁ። ሯጮች እጅ ላይ ያየሁት ሰዓት አለ፤ ሰው የት እንዳለ በሳተላይት የሚያውቅ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አብዲ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ድሬ ስልክና ሰዓት ይሸጣል። ማስረዳት ይወዳል፣ ዛሬ ለዚህ ተመስገን አልኩ። በመጀመሪያ ስለ አንድ ቀጭን፣ የሚያምር ሰዓት አወራኝ። ስልክ ሲጠራ ይነግራል፣ እርምጃ ይቆጥራል። ለከተማ ነው አለ፤ ተራራ ላይ ቀን ሳይመሽ ባትሪው ይሞታል። «ይሞታል» ሲል ቃሉን አልወደድኩትም።

ለተራራ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ወፍራም፣ ባለ ቁልፍ። ስክሪኑን በጣት መንካት አያስፈልግም፤ እጅ በዝናብ ቢርስም፣ ጓንት ቢኖርም ይሠራል። ካርታው እዚያው ውስጥ ነው። ባትሪው ብዙ ቀን ይቆያል። ጉም ውስጥ መንገድ ከጠፋ፣ በመጣህበት ዱካ መልሶ ያወጣል። ጀማል ቢያየው ያብዳል አለ አብዲ።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ያሰረው ሰው ወድቆ ካልተነሳ ለቤተሰብ መልእክት የሚልክ፣ ያለበትን ቦታ ጭምር...

ሳይጨርስ ያንን አልኩት። ያንን ላክልኝ።

አብዲ ጠረጠረ። «ፈቲያ... ፈቱ፣ ጀማል ደህና ነው?»

«ደህና ነው። መንገዱ ገደል ስላለው ነው።»

ለጎረቤትም ለዘመድም መዋሸት ለመድኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ለጀማል ስለ ሰዓቱ ነገርኩት። በመጀመሪያ ደስ አለው፣ እንደ ልጅ። ስለ ከፍታ መለኪያው፣ ስለ ካርታው ጠየቀኝ፤ የትኛው ሰዓት ሳተላይት ቶሎ እንደሚያገኝ ጠየቀኝ። ለካ እሱም በስልኩ ሲያያቸው ነው የከረመው። ባለ ካርታውን ነው የሚፈልገው።

እኔ ስለ መውደቁ ሳነሳ ፊቱ ጠቆረ። በገመድ የታሰረ ፍየል ልታደርጊኝ ነው አለኝ። ገመዱን ይዘሽ ቤት ቁጭ ልትዪ። እኔም መለስኩለት፤ ከገደል በታች ፍየል ፍለጋ ከምወጣ ገመዱ ይሻለኛል አልኩት። ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ።

ተነስቶ ወጣ። ሩቅ አልሄደም፤ ጓሮ ቆሞ ተራራውን ያያል። ያሳዝነኛል። እዚያ ላይ ሲሆን በሽተኛ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከኋላው ነው። ይገባኛል። ቢገባኝም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

አርብ፣ ጥቅምት 7። ከጁምዓ በኋላ

ሰዓቱ ደረሰ። አብዲ ሞክሩትና ትመልሱልኛላችሁ ብሎ በሚኒባስ ላከው። ከስልኮቻችን ጋር አያያዝነው። ጀማል አኩርፎ ነበር፤ ነገሩ ጨዋታ ሲሆንበት ረሳው። ፍራሽ አንጥፎ በጀርባው ወደቀ። ምንም። እንደገና ወደቀ። ሰዓቱ ዝም። ሦስተኛውን ዘሎ ወደቀና ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ስልኬ ጮኸ። ጀማል ወድቋል፣ ቦታው ይኸውና፤ ካርታው ላይ ቤታችን። ተሳሳቅን። ከክረምት ወዲህ እንዲህ አልሳቅንም።

አሁን ስጽፈው አያስቅም። ሁለቱን ጊዜ ለምን ዝም አለ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጀማል በሰላም ተመልሶ፣ በረንዳው ላይ እግሩን እየታጠበ ነው። እኔ ውኃ እያፈሰስኩለት። ስልኬ ጮኸ። ጀማል ወድቋል።

ማሰሮው ከእጄ ወደቀ። እሱን አየሁት፣ ስልኩን አየሁ፣ እሱን አየሁት። ቦታው ከሸንተረሩ ማዶ ነው ይላል።

ኋላ ገባን። ከቋጥኝ ሲዘል ሰዓቱ የወደቀ መስሎት ኖሯል። እዚያ ኔትወርክ የለም። ሰዓቱ የሚልከው በስልኩ በኩል ነው፤ ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ ያገኘው ከተማ ሲገባ ነው። ጀማል በይ እንግዲህ፣ ሞቼ ከተቀበርኩ በኋላ ይደርስሻል ብሎ ሳቀ። በእርጥብ እጄ ትከሻውን መታሁት። አጥብቄ ነው የመታሁት።

ነገ የአስተማሪዎቹ የእግር ጉዞ ነው። አትሂድ፣ ቅር አልኩት። ከሰው ጋር ነኝ አለ። እውነቱን ነው፣ ከሰው ጋር ነው። ሰዎቹ ግን አያውቁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት

ሄዱ። ጉም ነው። ሰዓቱን አስሮልኛል፣ ለእኔ ሲል። ስልኬ ላይ ያለበትን የምታሳየው ነጥብ ትሄዳለች። ጨርቅ እየቆረጥኩ አያታለሁ። ትሄዳለች። አሁንም ት...

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጀማል በሕይወት አለ። ይኼን አስቀድሜ ልጻፍ።

ትናንት ከዙሁር በፊት መ/ር ደረጀ ደወለ። የእግር ጉዞውን የሚመራው እሱ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ ሰው። ድምፁ ግን አልረጋም። ጀማል ቤት ገብቷል ወይ አለኝ። እንደ ልማዱ ቀድሟቸው ሮጦ ነበር፤ እንገናኝ በተባባሉበት ቦታ የለም።

ነጥቧ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። መልእክት አልመጣም። ኔትወርክ ሳይጠፋ የታየችው የመጨረሻዋ ቦታ ናት።

መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰኝ። ደረጀ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር እዚያ ጠበቀኝ። ደክሞት አረፍ ብሎ ይሆናል፣ አይዞሽ አለኝ። መሐላዬን አፈረስኩ።

«መምህር፣ ጀማል የሚጥል በሽታ አለበት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት።»

«ፈቲያ! በገደሉ አፋፍ ስንሄድ እኮ ፊት የምናስቀድመው እሱን ነው። አንተ ምራን እያልን! እንዴት አትነግሩንም?»

«አስምሎኝ ነው።»

ዞሮ ሽቅብ ሮጠ። ተከተልኩ፤ በሰንደል ጫማ፣ በረጅም ቀሚስ። ገደል እፈራለሁ፣ ከልጅነቴ። አንዳንዱን ቦታ በእጄም ድኼ አለፍኩ። ነጥቧ ጋ ስንደርስ ማንም የለም። ጉም፣ ድንጋይ፣ አፋፍ። ደረጀ ተጣራ። ተራራው ዝም አለ።

ከዚያ ከሥር የሰው ድምፅ ሰማን። በኦሮምኛ። «ሂንቱቂና!» ይላል አንዱ። አትንኩት ማለቱ ነው። ወረድን። እርከኑ ላይ፣ ጫቱ መሃል፣ ሰዎች ራቅ ብለው ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሃል ጀማል ተኝቷል። አንዲት አሮጊት ብቻ አጠገቡ ተቀምጠው ሻሻቸውን አልብሰውታል።

«ያንቺ ነው?» አሉኝ። «አትፍሪ፣ ይተነፍሳል።»

ግንባሩ ተሰንጥቋል። ወደ ጎኑ አዞርነው። ሰዓቱ እጁ ላይ ይበራል። መውደቁን አውቋል። መልእክቱ አልተላከም ይላል።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ አላወቀኝም። ቆይቶ አወቀኝ። ደረጀን አየ፣ አስተማሪዎቹን አየ፣ የቆሙትን ሰዎች አየ። ከዚያ እንደገና ወደኔ ዞረ። ያን አስተያየት አልረሳውም።

አሮጊቷን ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ አልኳቸው፣ ደጋግሜ። ሻሻቸው ደም ነክቶታል። አጥቤ እመልሳለሁ ብል እምቢ አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አያናግረኝም። ጤና ጣቢያ ግንባሩን ሰፍተውለታል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ት/ቤት አልሄደም።

ኪኒኑን ልሰጠው ስል ማሸጊያውን አየሁት። ብዙው አልተነካም። ለምን አልኩት። እግሬን ያከብደኛል አለ፤ ዳገቱን እንደ በፊቱ አልወጣ አለኝ። የከረምኩበት ፍርሃት ሁሉ ቁጣ ሆኖ ወጣ። እኔ እዚህ ሰዓት ሳማርጥ አንተ መድኃኒት ታቆማለህ! ስፌት ልትለካ የመጣች ሴት በር ላይ ቆማ ሰማች። ይስሙ። አሁን የሚደበቅ ምን ቀረ።

አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሰው ፊት ወደቅኩ» አለ።

«ሰው ፊት በመውደቅህ ነው የተረፍከው።»

ኪኒኑን ተቀብሎ ዋጠ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከዐስር ሰላት በኋላ

ደረጀና ሁለቱ አስተማሪዎች ሊጠይቁት መጡ። ሙዝ ይዘው። ጀማል ቀና ብሎ አላያቸውም። ስለ አየር አወሩ፣ ስለ ፈተና አወሩ። በመጨረሻ ደረጀ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጀማል፣ ያላንተ አንሄድም። ግን ፊት አትቀድምም፣ ብቻህንም አትሮጥም። ስትወድቅ ምን እንደምናደርግ ንገረን፣ እንማራለን። እኔ ተናድጄብሃለሁ፤ የተናደድኩት በመውደቅህ አይደለም።»

ጀማል ወደ ጎን አዙራችሁ አስተኙኝ አለ፣ ቀስ ብሎ። አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት አታሽትቱኝ። ካለፈ በኋላ ስሜን ጥሩኝ። እኔ ያልሰማሁትን ሁሉ ነገራቸው። ሰኞ ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ ራሴ እነግረዋለሁ አለ። ምን እንደሚሉት አላውቅም። ያስፈራኛል። ከክፍል ቢያወጡትስ?

ሲሄዱ ለአብዲ ደወልኩ። እሱንም እውነቱን ነገርኩት። ተቆጣኝ፣ ከዚያ አባበለኝ፣ ከዚያ ነጋዴ ነውና ጀማል ሰዓቱን ወደደው አልወደደውም ብሎ ጠየቀ። ያንን መልሼ እልካለሁ፣ ባለ ካርታውን ላክልኝ አልኩት። ባለ ቁልፉን፣ በመጡበት የሚመልሰውን።

«ጀማል አሸነፈሽ ማለት ነው።»

«ማሰሪያው ጠባብ ይሁን። ለእኔ ነው።»

አብዲ የሰማ አልመሰለውም። ደገምኩለት። ያ ሰዓት መውደቁን አወቀ፤ ማንን ጠራ? ሰው ይሻላል። አብሮ የሚሄደው ሰው ግን ጉም ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ በየት ወርዶ እርዳታ እንደሚጠራ ማወቅ አለበት። እጄ ሲያልበኝ ስክሪን አልነካም፤ ቁልፍ እፈልጋለሁ።

ጀማል ከመኝታ ቤት ይሰማ ነበር። አንቺ? ገደል የምትፈሪው አንቺ? አለኝ። አዎ አልኩት፤ ቀስ ብለህ ትሄዳለሃ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ጠዋት

ሱብሂ ተሰግዷል። ከቀሚስ በታች የሚለበስ ሱሪ ለራሴ ሰፍቻለሁ። ጫማው የእህቴ ነው፣ ትንሽ ይጠበኛል። ሰዓቱ እጄ ላይ ከበደኝ። በረንዳ ወጥቼ ሳተላይት እስኪይዝ ቆምኩ፤ ያዘ። የልብ ምትም ያሳያል። እሱን አላየውም።

ትናንት ጀማል አስተማረኝ፤ መነሻውን እንዴት እንደማስቀምጥ፣ መመለሻውን የትኛው ቁልፍ እንደሚያሳይ። ሁለቴ ተሳሳትኩ። አልተቆጣም። ግንባሩ ላይ ያለውን ፋሻ በኮፍያ ሊሸፍን ሞከረና ተወው።

እፈራለሁ። አፋፉን እፈራለሁ። እጄ ላይ እንዳይወድቅ እፈራለሁ። ነገ ርዕሰ መምህሩ የሚለውን እፈራለሁ። ጉሙ ዛሬም አልተነሳም።

እነ ደረጀ በር ላይ ናቸው። ጀማል «ኮቱ፣ ፈቱ፣ ነይ እንጂ» ይላል። እጁን ዘርግቷል። ልሂድ።