ሁለቱ ሳቬሪዮዎች

ኦክቶበር 16 ቀን 1938

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ተሽሎት፣ ያንን የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ያለ ምርኩዝ የምትወጪ እንድትሆኚ እለምናለሁ። ሳልሽስ ለቀቀሽ? ወይራው ዘንድሮ እንዴት አፈራ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። የታመመው ትዕግሥቴ ነው፤ እሱን የሚያክም ሐኪም ደግሞ እስካሁን አላገኘሁም።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። የሰማሽው እውነት ነው። የወንድማችንን ዜግነት ነጥቀውታል። ኖቬምበር አምስት ቀን ከኒውዮርክ በሚነሣው መርከብ ጭነው፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ መጣበት ይመልሱታል። አንቺም ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛ፣ ሳቬሪዮን የት ላስተኛው ብለሻል። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ያለው ይሁዳ ማነው ብለሻል። ከቀላሉ ልጀምር፤ በላይኛው ክፍል አስተኚው። ቤቴ ጠባብ ነው፣ እኔም አርጅቻለሁ ትያለሽ። እትዬ፣ እኔስ ልጃገረድ ነኝ? ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ይዤዋለሁ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ካሁኑ እወቂው። ያደረ ምግብ አይበላም። ሾርባውን ሳይቀምስ ጨው ይጨምርበታል፤ ዝም በይው። ከሁሉ በላይ ግን ጓሮ ወንበር አታውጪለት። ወንበር ካገኘ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ ሰው ይመጣል፣ ሰው ከመጣ ደግሞ ወይን የምትቀጂው አንቺ ነሽ። ሦስት ወር ሳይሞላው የመንደሩን ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ የሚሾመው እሱ ይሆናል። እዚህ እንደዚያ ነው የጀመረው፤ በአንድ ወንበርና በአንድ የበለስ ዛፍ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤቴ ፍርድ ቤት ነው። ጡረታ የተከለከለች መበለት፣ ፈቃዱን የተነጠቀ ዳቦ ጋጋሪ፣ ልጁ የታሰረበት አባት፣ ሁሉም ወንበር ይዞ ይጠብቃል። እኔ በጉልበቶቻቸው መካከል እየተሹለከለክሁ ወጤን አማስላለሁ። የግማሹን ሰፈር ልጅ ክርስትና ያነሣው ሳቬሪዮ ነው፤ አበልጅ ደግሞ እምቢ አይባልም። ወደቡ ላይ እሱ ሳይፈቅድ አንዲት ጆንያ አትራገፍም። ያለፈው ፋሲካ ማግስት፣ የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር ዶሄርቲ፣ አይሪሹ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከአንዲት ዶሮ ሻጭ ኋላ ተራ ይጠብቅ ነበር። «እመቤቴ፣ ዛሬ ፊታቸው እንዴት ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። «ታጥቧል» አልኩት።

ምርጫ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ነው። ሳቬሪዮ ሕያዋኑን ብቻ ሳይሆን ሙታኑንም ያስመርጣል። ስማቸው ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ያደርግና በእነሱ ስም ሰው ይልካል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በሕይወቱ አንድም ቀን ምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ያልረገጠ ሰውዬ፣ ከሞተ ወዲህ አንድም ምርጫ አላመለጠውም። ሁለት ጊዜ የመረጠበትም ዓመት አለ።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ያልቻልኩት የልጄ የኢላሪዮ ነገር ነው።

ልጄን ያስተማረው ሳቬሪዮ መሆኑን አልክድም። ጠበቃ አደረገልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ኢላሪዮ ግን የሚፈልገው በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ የገበሬ ኑዛዜና የመሬት ውል መጻፍ ነው፤ ቢሮም አግኝቶ ነበር። ሳቬሪዮ ያለፈው ዓመት የፋሲካውን በግ እየቆረሰ፣ ማንንም ሳያማክር፣ «የፓፓሌዮ ወንበር ሳይቀዘቅዝ ኢላሪዮ ይቀመጥበታል» አለ። ፓፓሌዮ ማለት ምክር ቤት ያስገባው የቀድሞ ሰውዬው ነው። በሳቬሪዮ ትእዛዝ የሐሰት ወረቀት ፈረመ፣ ሲጠየቅ ስም አልጠራም፣ አራት ዓመት ተፈረደበት።

«ፓፓሌዮ እኮ እስር ቤት ነው» አልኩት።

«አፉን የዘጋ ወንድ ነው። ቤተሰቡ ምን ጎደለበት?» አለኝ።

«አባት» አልኩት። ጨው አቀብዪኝ አለ።

ሦስት ጊዜ ለመንኩት እትዬ። መጀመሪያ በምግብ ላይ። ሁለተኛ በሚስቱ መቃብር ላይ፣ እሷ በሕይወት ብትኖር ምን ትልህ ነበር ብዬ። ሦስተኛውን ጉልበቱ ሥር ወደቅሁ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ጉልበት ሥር። «ተነሺ እንጂ፣ ሰው ያይሻል» አለኝ። አይሆንም እንኳ አላለኝም። በነጋታው ልብስ ሰፊ አስመጥቶ ለኢላሪዮ ጥቁር ሙሉ ልብስ አስለካው፤ ለመሐላው ቀን። ልጄም እጁን ዘርግቶ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆሞ ተለካ። አጎቱን እምቢ ማለት አልቻለም። ለእሱ እምቢ የሚል ሰው በዚህ ከተማ አልተፈጠረም።

በዚያው ሰሞን ነው የወላጆቻችንን መቃብር በእብነ በረድ ላሠራ ያለው። ሥራውን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ምን ያህል እንደተጋነነ አልነግርሽም። የዳቦ ቤት የሚያህል መቃብር፣ በላዩ ደግሞ እንደ ፖሊስ ደረቱን የነፋ መልአክ። የሚቀረጹትን ስሞች ለእኔ ተወ። «አንቺ ታስታውሻለሽ፣ ጻፊውና ላኪው» አለኝ። ወረቀት ሲነበብለት እንጂ ሲያነብ አይወድም፤ ይኼንንም አላነበበውም። እኔም ጻፍኩ። የአባታችንን፣ የእናታችንን፣ ሳያድጉ የሞቱብንን ሁሉ ከነልደታቸው ከነሞታቸው ጻፍኩ።

ያን ጊዜ አንቺ መልሰሽ፣ እናታችን የሟቹን ሕፃን የሳቬሪዮን ስም እንዳናነሣ አስምላን የለም ወይ ብለሽ ነበር። አዎ፣ አስምላናለች። ያን ጊዜ የመለስኩልሽን መልስ ታስታውሺዋለሽ። አሁን አልደግመውም።

እዚህ ያለው ጠበቃ ነገሩን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀበት። «እመቤት፣ እንዴት ሁለት ወንድማማቾች አንድ ስም ይኖራቸዋል?» ይለኛል። «የመጀመሪያው ሞቶ ነዋ!» እለዋለሁ። የአያት ስም መሬት ውስጥ እንደማይቀር፣ ሕፃን ሲሞት ስሙ ለሚቀጥለው እንደሚሰጥ ለዚህ ሰውዬ እንዴት ላስረዳው? የመጀመሪያው ሳቬሪዮ በ1887 ተወልዶ በስምንት ወሩ ሞተ፤ የአሁኑ በ1889 ተወልዶ ስሙን ወረሰ አልኩት። ጻፈና እንደገና ጠየቀኝ። እኔም እንደገና ነገርኩት። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ አትክልቴን ልቀቅል ሄድኩ።

የቀረውን ደግሞ ማንም ሳይነግረው ዳኛው ፊት ሰማው። የአሁኑ ሳቬሪዮ በሃያ አንድ ዓመቱ ሰው በቢላዋ ወግቶ ሦስት ዓመት ሲፈረድበት፣ እናታችን ሣጥኗን ከፍታ የሟቹን የልደት ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። በዚያ ወረቀት ባሕር ተሻገረ፣ በዚያ ወረቀት ዜጋ ሆነ። መንግሥት ስለ 1887ቱ ሰው በጠየቀ ቁጥር ከአገር ቤት ንጹሕ ነው የሚል መልስ ይመጣል። ንጹሕ ነዋ! የስምንት ወር ሕፃን ማንን ይወጋል? ይኸውና ያ ሕፃን ልደቱም ሞቱም በእብነ በረድ ተጽፎ ተገኘ። ስንቱን ሙት ሲያስመርጥ የኖረ ሰው በአንድ ሙት ሕፃን ተያዘ።

ፎቶግራፉ ከአንቺ ሲመጣልን ሳቬሪዮ ሳመውና አለቀሰ። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ስቀዪው አለኝ፣ ሰቀልኩት። ለአገራችን ሰዎች ጋዜጣ ማን ሰጠው ትያለሽ። እኔ ሰጠሁት፣ ምን አለበት? ያየ ሁሉ ሲያደንቅ እሱም ይኮራ ነበር፤ አሳትሚው አላለኝም፣ አታሳትሚውም አላለኝም። አዘጋጁ በሦስተኛው ገጽ ላይ አሳንሼ ላውጣው ቢለኝ፣ የወላጆቼን መቃብር ነው የምታሳንስብኝ ብዬ ጮኽኩበት። በመጀመሪያው ገጽ አወጣው። ያለ መነጽር ይነበባል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ገጹን ቆርጦ፣ ከሕፃኑ ስም ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮ፣ ለመንግሥት ቢሮ በፖስታ ላከው። ፊርማ የለው፣ ቃል የለው፤ ሁለት መስመር ብቻ። ጠበቃው በዓይኑ አይቶታል፤ መስመሩ በወይን ጠጅ ቀለም እርሳስ ነው ይላል።

እንግዲህ ይሁዳ ማነው ትይኛለሽ። ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔ ፖሊስ ነኝ? ሳቬሪዮ በመጀመሪያ ዶሄርቲን ጠረጠረ። ቀጥሎ የፓፓሌዮን ሚስት፤ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስሟ በቤታችን እንዳይጠራ ሆነ። ምስኪኗ ሴትዮ ማንበብ አትችልም ብዬ ምዬ ተገዝቼ አስተውኩት፤ ሰው በከንቱ እንዲጎዳ አልፈልግም። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን ጠረጠረና አሥራ ስምንት ዓመት የተላጨበትን ወንበር ተወ። ከዚያ ወዲህ ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ! ይህም ቀርቶብኝ ነበር እንዴ? ጠዋት ጠዋት ምላጩን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ማን ነው? ማን ይሆን? እያለ ጉሮሮውን ያንቀሳቅሰዋል። «ዝም በል፣ እቆርጥሃለሁ» እለዋለሁ።

ያለፈው ሐሙስ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

«እታለም፣ ያን ሕፃን ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

አራት ዓመቴ ነበር፣ አስታውሰዋለሁ አልኩት። በግራ ጆሮው ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረው። እናታችን ከሞተም በኋላ አንድ ሌሊት አቅፋው አደረች።

«የተወለደበትንስ ቀን?»

«ማርች አራት።»

«እናታችን የራሷን ልደት እንኳ አታውቅም ነበር» አለኝ። «እህታችንም የልጆቿን ትቀላቅላለች። አንቺ ግን ቀን አትረሺም።»

እጄ ላይ ያለው ሳሙና ደረቀ። ምላጩን በፎጣው ጠረግሁት፣ እንደገናም ጠረግሁት። እሱም፣ «ለኢላሪዮ ንገሪው፣ ያንን ጥቁር ልብስ እንዳይመልሰው። ለሠርጉ ይለብሰዋል» አለኝ። ቀጥሎም ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለልኝ። ላጨሁት። አንዲት ጠብታ ደም አልወጣችውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የፓፓሌዮ ሚስት እንዲህ አደረገች የሚል ቢመጣ እንኳ፣ «ተዋት፣ አርጅተናል» እያለ ይመልሰዋል። ዶሄርቲ የኢላሪዮን ስም ከዕጩዎቹ ዝርዝር አውጥቶታል፤ አጎት ከሌለ የእህት ልጅ ምን ይሠራለታል? ልጄ ሰኞ መጻሕፍቱን ጭኖ ወደ ትንሿ ከተማው ይሄዳል። ወጥ ቤቴም ባዶ ነው። ያለፈው እሑድ አንድም ሰው አልመጣም፤ ክርስትና ያነሣላቸው እንኳ በሌላ መንገድ ነው ከቅዳሴ የሚመለሱት። ሳቬሪዮ በለሱ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ዋለ። ወጡን እንደ ልማዴ ለሃያ ሰው ሠርቼ ኖሮ ለጎረቤት አደልኩት፤ በዚህም ተናደድኩ።

አደራዬን ስሚኝ እትዬ። ሳቬሪዮ ላይጠይቅሽ ይችላል። ከጠየቀሽ ግን አትዋሺው፣ አትንገሪውም፤ ሾርባ ስጪው። እናታችን በከፈተችው በዚያ ሣጥን አጠገብ ከቆምነው ሦስት ሴቶች የቀረነው እኔና አንቺ ነን። የድሮ ደብዳቤዎቼን ግን፣ በተለይ የመቃብሩ ጊዜ የላክኋቸውን፣ ዳቦ ስትጋግሪ ምድጃው ውስጥ ጨምሪያቸው። ይህን በቀለም የጻፍኩልሽ ለዓይንሽ እንዲቀልሽ ብዬ ነው፤ ያቺ እርሳሴም አልቃለች።

ወንበሩን በተመለከተም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አንድ አውጪለት። ፀሐይ ቀስ ብላ በምትደርስበት በኩል።

ቤትሽን ሰላም አይለየው። ዘይትሽ አይጉደል፣ ጉልበትሽ ይጽና። ሁለቱም ሳቬሪዮዎች አሁን ያሉት በአንቺ እጅ ነው፤ ለትንሹ ሻማ አብሪለት፣ ትልቁን ስለ እኔ ሳሚልኝ።

በጀርባዋ ያዘለችውን የማትረሳው፣
ታናሽ እህትሽ