ጋዜጣ ላይ የበላነው ዓሣ

ልጄን ሙህሲንን የበላው ወንድማችን መጅበል ነው፤ ሌላ ሰው አትጠርጥሪ። ውድ እህቴ ነጂባ፣ የአላህ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ላይ ይሁን። ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የኩዌት ሙቀት ልጆቹን አልጎዳብኝም? እኔ አላህ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

«ወንድማችን ነውና ለዒድ ታረቂው» ብለሽ ልከሽብኛል። ሙሉውን ስላልነገርኩሽ አልፈርድብሽም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ማን ይልካል? ሾፌሩ ሰልማን በእጅሽ ይሰጥሻል፤ አንብበሽ አቃጥዪው።

መጅበልን የብስክሌት ጎማ ሲጠግን ነው የምታውቂው። የአገራችን መሪ ሥልጣን ሲይዝ እሱም ካኪ ለብሶ የሰፈራችን የፓርቲ ኃላፊ ሆነ። ሴቶቹን በሙሉ በግድ ፊደል ያስቆጠረን እሱ ነው። በሃምሳ ዓመቴ ስሜን ስጽፍ ግን አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። «የሙህሲን እናት፣ እንግዲህ ሚኒስትር መሆንሽ ነው!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አምና አንድ ዓርብ ዓሣ ጠብሼ፣ እንደ ልማዳችን ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፍኩ። የመሪው ፎቶ ወደ ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም። ምሳ ሊበላ የመጣው መጅበል አይቶት እጁን ሰበሰበ። ሙህሲን፣ ያ ቀልደኛ፣ «ብላ እንጂ አጎቴ፣ እሳቸውም ይቅመሱ» አለው። መጅበል አልሳቀም። በማግስቱ የጸጥታ ሰዎች መጥተው ልጄን ወሰዱት። «ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ መጅበል እግር ላይ ወደቅሁ። «የቀለደው ግን እሱ ነው» አለኝ።

ከሦስት ወር በፊት መርዶው መጣ። ሬሳ የለ፤ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው ተባልኩ። መጅበልን መቃብሩን እንኳ አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። «በፓርቲው አዳራሽ ይህን ለመሪው የተጻፈ የምስጋና ጽሑፍ ካነበብሽ አሳይሻለሁ» አለኝ። አነበብኩ፣ ነጂባ። ልጄን ላስገደለው ሰው ረጅም ዕድሜ ተመኘሁ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ከመድረክ ስወርድ መጅበል «ጎበዝ! ለሐምሌው የአብዮት በዓል ደግሞ ሌላ አለልሽ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ። ዓይኑን ሳየው መቃብሩን እሱም እንደማያውቀው ገባኝ።

ባለቤትሽን አቡ ዚያድን ሰላም በዪልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሿን ሱዓድን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ዚያድንም ትምህርቱን እንዳይተው ምከሪልኝ።

መጅበል የሐምሌውን ወረቀት አምጥቶ በሬ ሥር ጥሎልኝ ሄዷል። የሚመጣብኝን አውቃለሁ። ቢሆንም ከእንግዲህ ሌላ ሰው የጻፈውን በእኔ አፍ አላነብም።

እህትሽ ፈህሚያ
ናስሪያ፣ ኢራቅ፣ ሰኔ 1984 እ.ኤ.አ.