እናትሽ የዳሰሰችው ቧንቧ

ውድ ሱኒቫ፣

ባሕሩን የሚያረጋጋ አምላክ እዚያ አውስትራሊያም አይለይሽ። የእናትሽ ዓይን ስለደከመ እሷ ትናገራለች፣ እኔ አጎትሽ ኡልቫር እጽፋለሁ። በጎቹ ደህና ናቸው። እሷም «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እኔ ግን በጎቹን ይበልጥ አምናለሁ።

ደረጃው ስለከበዳት ምድር ቤት መታጠቢያ እየሠራሁላት ነው። ውሃ የሚያመጣውን የመዳብ ቧንቧ ቆርጬ ሞረድኩት፤ እሷ በብርጭቆ ወረቀት ወለወለችው። የፍሳሹን የፕላስቲክ ቧንቧ ግን፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን የጎማ ቀለበት ቅቤ ቀብቼ ልገፋው ስል ቅቤው ሸተታት።

«አንተ ወስላታ! ቅቤ ጎማ ያበላሻል፤ ሳሙና አምጣ!»

«ከቁርስ የተረፈ እኮ ነው።»

የፕላስቲኩን ቧንቧ ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። «ስለታሙን ጠርዝ አልሞረድከውም። ቀለበቱን ሊቆርጠው ነበር።»

እውነቷን ነበር። ወለሉ ሥር ቢያፈስ ኖሮ፣ «ቤቱን ትተሽ አረጋውያን መጦሪያ ግቢ» ያልሻት ልክ ይሆን ነበር።

«ስለ መጦሪያው አትጻፍ» ብላኛለች፤ እነሆ ጻፍኩ። ማታ ማታ ስለሱ እያሰበች ታመሻለች፣ ልጄ።

እንግዲህ አደራ፣ ለፋሲካ ነይ። በአዲሱ መታጠቢያ መጀመሪያ አንቺ ታጠቢበት፤ እስከዚያ የመጦሪያውን ወረቀት አትፈርሚ። እናትሽ «ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ» ብላለች። ወደዚህ የሚያመጣሽን መንገድ ማለቷ ነው።

አጎትሽ ኡልቫር