የወንበሩ የኋላ እግሮች

እታለም፣

ሰርቪሱ ጥሎኝ ሳይሄድ በአጭሩ ልጻፍልሽ።

ከአሮጌው ወንበሬ የኋላ እግሮች ሥር የሸጎጥሻቸውን የጣውላ ቁራጮች አውጥቼ በረንዳው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። አደራ፣ መልሰሽ እንዳትሸጉጫቸው። ወንበሩ አልተንጋደደም። ድሮ የሠሩት ሰዎች የኋላ እግሩን ያሳጠሩት ሆን ብለው ነው። ያደሰልኝ አናጢ እንደነገረኝ፣ ቀጥ ያለው ወንበር ለእንግዳ ነው፤ ይሄ እንጨቱ በእንፋሎት ተለምጦ የተሠራው ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለዋለ ሰው ነው። ስትቀመጪበት ወደ ኋላ ይወስድሻል፣ እግርሽም ያርፋል።

ትናንት "ወንበሬን አበላሸሽብኝ!" ብዬ የጮህኩት ደክሞኝ ነው። አንቺ ሳህን ማጠብሽን ቀጠልሽ።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስለምውል፣ ከዚህ ቤት የሚደክመው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቁራጮቹን ሳወጣ ግን አንድ ነገር ገባኝ።

አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠሽበት ቢሆን ኖሮ፣ ለምን ወደ ኋላ እንደሚያዘነብል ታውቂው ነበር።

የተዘፈዘፈውን ልብስ ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ። ቁልፍ ይዣለሁ። ስመጣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ካገኘሁሽ አልቀሰቅስሽም።