ያልተፈረመው አቤቱታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህስ ነገር? በምርጫው ሰሞን ፖስተር ልትሰቅልልኝ መሰላል ላይ ስትወጣና ስትወርድ እያየሁ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ባለቤትህን በርቺ፣ ማሸቱን እንዳታቋርጪ ብላለች በልልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

ስልኬን የዘጋሁት አንተን ፈርቼ ነው። ስትቆጣ አልችልህም፤ ስትለምነኝ ደግሞ ይብሳል። የላክኸው የድጋሚ ቆጠራ አቤቱታ ደርሶኛል። የምፈርምበትን ቦታ በእርሳስ ከበህልኛል። የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃው ዓርብ በአስር ሰዓት ነው፤ ይህ ደብዳቤ ግን ቢፈጥን ሰኞ ነው የሚደርስህ። አስቤበት ነው። ቅጹን ሳልፈርም ከዚሁ ጋር መልሼልሃለሁ። በአንድ ድምፅ ተሸንፎ ዝም የሚል ሰው የት አለ እንደምትል አውቃለሁ። እስቲ ታገሠኝና ልንገርህ።

የመጀመሪያውን ምርጫ ያሸነፍነው በንግግር አልነበረም። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። በየወሩ በየግቢው እገባለሁ፤ የቱ ውሻ እንደሚናከስ፣ የቱ ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የማን አማት እንደታመመች አውቃለሁ። ሰዉ "ቆጣሪዋ ትግባልን" ብሎ ለክልሉ ምክር ቤት መረጠኝ። አንተም "አንቺ ብቻ በር አንኳኪ፣ ወሬውን ለእኔ ተዪው" ትለኝ ነበር።

ምክር ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ግን እጅ ማንሳት ነው። አፈ ጉባኤው የረቂቁን ርዕስ ደግሞ አያነብም። ቁጥሩን ጠርቶ "የምትደግፉ" ይላል፤ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ስለዚህ ሁላችንም ጠዋት በቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን ጽፈን፣ ከጎናቸው ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ብለን እንገባለን። የላይኛው ሰፈር ክሊኒክ ተዘግቶ ከከተማው ሆስፒታል ጋር ይጠቃለል የሚለው ረቂቅ ያን ቀን ሰባተኛ ነበር። ሰባት፣ ተቃውሞ ብዬ አድምቄ ጽፌዋለሁ።

ከምሳ በኋላ አንተ ደወልክልኝ፤ ስለ ኳስ ሜዳው አጥር ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳናግርህ፣ አዳራሹ ውስጥ አራተኛው አጀንዳ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ በአንድ ቁጥር ወደ ላይ ተስበው ሰባተኛው ስድስተኛ ሆኗል። ተመልሼ ቁጭ ስል "ስድስተኛ፣ የምትደግፉ" ተባለ። ወረቀቴ ላይ ስድስት ድጋፍ ነው። እጄን አወጣሁ። አጠገቤ የሚቀመጡት፣ በአምስት ምርጫ ከአንድ ወንበር ያልተነሱት፣ "ምሰሶው" የምንላቸው ሽማግሌ ዘወር ብለው፣ "ጀግና ነሽ ልጄ፤ የገዛ መራጭን ክሊኒክ መዝጋት እኔም አልደፍረው" አሉኝ።

ያን ጊዜ ብድግ ብዬ፣ ተሳስቻለሁ ይስተካከልልኝ ማለት እችል ነበር። አፈርኩ። ይስቁብኛል ብዬ ተቀመጥኩ። የእኔ እጅ ባይኖርም ረቂቁ ያልፍ ነበር፤ ብዙ ሰው ደግፎታል። እጄ ግን ወጥቷል፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ስሜ አለ።

ስነግርህ "ቃለ ጉባኤ ማን ያነባል? ዝም በይ" አልከኝ። ዝም አልኩ። በሁለተኛው ምርጫ "ክሊኒኩ እንዳይዘጋ ብቻዋን የተሟገተች" የሚል ወረቀት በትነህ አሸነፍን። አልወቅስህም፤ ወረቀቱን አይቼ "ፎቶው አምሮብኛል" ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖርኩ ግን አልነገርኩህም። የላይኛው ሰፈር ሴቶች መንገድ ላይ እያቆሙ ያመሰግኑኛል። አንዷ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ የወለደችውን ልጅ አሳቅፋኝ፣ "አንቺማ ታግለሽልን ነበር" አለችኝ። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ድንቡሽቡሽ ያለ። እስክመልስላት ድረስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከዚያ በዘንድሮው ምርጫ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ከሥራዋ የተፈናቀለችው አዋላጅ ልትወዳደረኝ መጣች። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተከራከርን ዕለት አንተ ፊት ወንበር ላይ ነበርክ። ስለ ክሊኒኩ ሲጠይቋት ያለችውን ሰምተሃል፦ "በዚያስ አላማትም፤ ብቻዋን ቆማልናለች። እኔ የመጣሁት ክሊኒኩን ላስከፍት እንጂ እሷን ላዋርድ አይደለም።" አንተ በደስታ ጉልበትህን መታህ። እኔ ብርጭቆ አንስቼ ውሃ ልጠጣ ስል ባዶ መሆኑን ያወቅኩት አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ውጤቱ ከተለጠፈ ወዲህ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ፊት ማዘን አቅቶኝ ተቸግሬያለሁ። የምክር ቤት ባጄን ልመልስ ስሄድ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ፣ "ሌሎቹ ሲመልሱ ያለቅሳሉ፤ አንቺ ምን አግኝተሽ ነው?" አለችኝ። ከዚያው በእግሬ አዋላጇ ቤት ሄድኩ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ይዤ ነበር። ልብስ እያሰጣች አገኘኋት፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆማ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። "ይሄን ከምርጫው በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ተቀየመችኝ፣ እውነት አላት። በሩ ድረስ ሸኝታኝ ግን፣ "ለመሆኑ ቁጥሩ ሲቀያየር በምን ይታወቃል?" አለች። በቁጥር ሳይሆን በርዕስ ጻፊ፤ ከአዳራሽ ወጥተሽ ከተመለስሽ ሳትጠይቂ እጅ አታንሺ አልኳት። "ስልክ ቢደወልስ?" አለች። ወንድም ካለሽ ዝጊው አልኳት። ሳቀች።

አሁን ከቅጹ ጋር ወደላክኸው ማስታወሻ ልመለስ። በእኛ ሰፈር ጣቢያ ለአዋላጇ ሦስት ድምፅ መውጣቱ አንጀትህን አሳርሮታል። ሁለቱ አክስቷና የአክስቷ ባል ናቸው፤ ሦስተኛውን ከሃዲ ግን ቤት ለቤት ዞሬም ቢሆን አገኘዋለሁ ብለሃል። ተው ወንድም ጋሼ፣ አትፈልገው። ቆጠራው ትክክል ነው፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆይቷል፣ ከኋላው የተሰለፉት ማሳል እስኪጀምሩ። ክፋት አስቦ አልነበረም። አንተን እያሰበ ሁለት ጊዜ እርሳሱን አስቀምጦ ነበር።

ልትቆጣኝ ከፈለግህ በስልክ አይሁን፤ እሁድ መጥተህ ተቆጣኝ። ምሳ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ፤ አሁን ጊዜ አለኝ። ጤናህን አይንሳህ፣ ያሳደገኝ ክንድህ አይዛል፣ ልጆችህ እንዳንተ ለታናናሾቻቸው የሚቆሙ ይሁኑልህ።

ሌላ ወንድም የማትፈልገው ታናሽ እህትህ