በቃለ ጉባኤ ስለ መዳሬ የቀረበ ምስጋና

መጋቢት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አስፋው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ቦንጋ

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ እንቅልፍዎም በእርስዎ ምክንያት እንቅልፍ ካጣን ሰዎች የተሻለ ይሁንልኝ እያልኩ፣ እኔ የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ በላይነሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ውለታዎን በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባኝ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ልብስ ሰፊው ግዛቸውና ጨርቅ ነጋዴው ከሊል ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል። ይዋደዳሉ፤ ባልና ሚስት እንደሚዋደዱት፣ እኔ ከማውቃቸው ብዙ ባልና ሚስቶችም በተሻለ። ማንንም አልበደሉም። ባለፈው ጥቅምት እርስዎ ነዋሪ ሊቆጥሩ ገብተው አልጋ ቆጥረው ወጡ። በሳምንቱ ከሊል «የሕዝብ ሞራል አበላሽ» ተብሎ ተገርፎ ደካ ወደሚባል ቦታ ተባረረ፤ ግዛቸው ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሚስት እንዲያገባ ተወሰነበት። ሚስቲቱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ወጉ አይቅር ብለው ሽማግሌ ስለላኩልኝ። አባቴ በሕይወት ስለሌሉ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚለው ኮሚቴዎ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ፣ ራሱ የሙሽራዋ ቤተሰብ ሆኖ ተቀብሎ፣ ራሱን በራሱ ደጅ ካስጠና በኋላ «ሰጥተናል» ብሎ በቃለ ጉባኤ ፈረመ። እኔ በዚያ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ሳሙና አድል ነበር። መዳሬን የሰማሁት ከተሰላፊዎቹ መሃል «እንኳን ደስ ያለሽ» ካሉኝ ከእትዬ ራሕመት ነው።

2. ስለ ትምህርቱ። የሁለቱ ፍቅር ከኢምፔሪያሊዝም የተዛመተ በሽታ መሆኑን በውይይት ክበቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረድተውናል። ሁለቱም ከጅማ ወዲያ ረግጠው ስለማያውቁ፣ ኢምፔሪያሊዝም በየትኛው አውቶቡስ መጥቶ እዚህ ቦንጋ ላይ እንደ ወረደ ቢነግሩን ደስ ይለናል።

3. ስለ ባሌ። ደግ ሰው ነው። አልጋውን ለእኔ ለቆ መደብ ላይ ይተኛል፤ ሳልጠይቀው ቀሚስ ሰፍቶልኛል። ብቻ አይበላም። መርፌውን ይዞ ደጅ ደጁን ሲያይ ስለሚውል ክሩን የማስገባለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በእሱ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። አራት ወር አብሬው ስኖር ግን ንዴቴ ቤቱን ለቆ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣ። ሰው በናፍቆት ዓይኔ እያየ ሲያልቅ፣ ይህንን «ማረም» ብለው ሪፖርት ማድረግዎ አሳፍሮኛል፤ እርስዎ ስላላፈሩም የእርስዎንም ድርሻ አፍሬልዎታለሁ።

4. ግዛቸው ከሊልን ለማየት የይለፍ ወረቀት ሲጠይቅ «ወንድ ወንድን ለመናፈቅ ይለፍ አይሰጥም» ብለው ስለ መለሱት። እንዲህ ያለ መመሪያ መኖሩን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ለጊዜው ምስጋናዬ ይኸው ነው፤ የቀረውን ፊት ለፊት ስንገናኝ እጨምርልዎታለሁ።

በኮሚቴው ማኅተም የተዳርኩ፣ በገዛ እጄ ግን የምፈርም፣
ታዛዥዎ እንድሆን የተወሰነብኝ
በላይነሽ ገብረጊዮርጊስ

ግልባጭ፦
ጓድ ሊቀመንበር ባስተባበሩት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ለተማረ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት «ባል የሚስቱን የታመመ ዘመድ ደካ ሄዶ እንዲጠይቅ» የሚል ይለፍ አቅርቤልዎ፣ ትዳራችን በመስመሩ ደስ ብሎዎት ሳይመረምሩ ማኅተም አሳርፈውበታል። ዘመዴ ከሊል ነው። እርስዎ ከግዛቸው ቤት ዳሩኝ፤ የእሱ ሰው የእኔም ዘመድ ነው። ይህ ሲለጠፍ ሁለቱም ደካን ካለፉ አራት ቀን ሆኗቸዋል፤ ስጠየቅ እንዳልናገር ብዬ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኳቸውም። ባል የጠፋባት ሴት ለቀበሌዋ ማመልከት ግዴታዋ ስለሆነ፣ ይኸው አመልክቻለሁ።