ሁለት ሽማግሌዎች በጠንካራ በረዶ ላይ

ጃንዋሪ 11፣ እሑድ፣ ከሰዓት

የቦርዱን ጠርዝ እየሞረድኩ ነው። በረንዳ ላይ፣ በሁለት ወንበር መሀል አጋድሜ። አንዱ ጎን አለቀ፣ አንዱ ቀረ። ጉልበቴ ከሲሚንቶው ጋር አልተስማማም። ትንሽ እሞርዳለሁ፣ ተነሥቼ እቆማለሁ፣ እንደገና እንበረከካለሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ዛሬም ያንኑ ጠየቀኝ፤ ዳላስ ውስጥ በረዶ የት አለ ብሎ። የለም አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ገባ።

አዲስ ደብተር ነሽና አንዴ ላስረዳሽ። ይሄ ልጆቹ የሚዘሉበት ቦርድ አይደለም። ጠበብ፣ ረዘም ያለ ነው። ጫማው ደረቅ ፕላስቲክ። ዝላይ የለ፣ መገለባበጥ የለ። በጠርዙ አጋድመውት ይታጠፋሉ፤ በረዶውን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። ከኋላ የሚቀረው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ካርቪንግ ይሉታል። ሰይድ ግን የወሎ ገበሬ ልጅ ስለሆነ ትልም ይለዋል። ዛሬ ስንት ትልም አወጣህ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

ከሰይድ ጋር ከሱዳን ወደ ኮሎራዶ አብረን መጣን። ተራራ ላይ ባለ ሆቴል እኔ ሳህን አጣቢ፣ እሱ በረዶ ጠራጊ። ለሠራተኛ ተራራው በነፃ ነበር። የስኪ ዕቃ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ጀርመን አስተማረን። በኋላ ሥራ ተከትለን ዳላስ ወረድን፣ ዳገት የሚባል ነገር ወደሌለበት። ሶ፣ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ኒው ሜክሲኮ ድረስ እንነዳለን። እኔ 58፣ እሱ 62።

ደክሞኛል። ቀሪው ጠርዝ ነገ።

ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ

ረጅም ሺፍት። ፎርት ዎርዝ፣ ሆስፒታል (ሆ/ል) ውስጥ፣ ሥራዬ የበሽተኛ አልጋ መግፋት ነው። ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል። ዛሬ ዳሌው የተሰበረ አንድ ሰው ነበር። ምን ሆነህ ነው አልኩት። ስኪ አለኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ወደ ራጅ ገፋሁት። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ሁሉ ቆሟል። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ምንም መስማት አላማረኝም።

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ

ሰይድ መጣ። የሚነዳው ታክሲ የግራ መስታወት በቴፕ ተይዟል። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አንዱ ገጭቶኝ ነው አለ። እንዲንሸራተቱ በወይንሸት አሮጌ ካውያ ቦርዶቹን ሰም ቀባን። ቤቱ በሰም ሸተተ። ወይንሸት፣ ባለቤቴ፣ መስኮት ከፈተችና ወደ መኝታ ቤት ሄደች። ለሰይድ ሻይ አቀበልኩት፤ እጁ ብርጭቆውን ሳተና ምንጣፉ ላይ ተደፋ። እርጅና ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

ከወይንሸት ጋር በጉዞው ጭቅጭቅ። አጭር፣ ግን ከባድ። እሷ አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄደች ነው የምትንከባከበው። "ቀን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሳጥብ ውዬ፣ ማታ ደግሞ የራሴን ሰባራ ማጠብ አልፈልግም" አለች። ትንሽ ቆይታ ቆሎና ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠች። ዕርቅ ይሁን ቁጣ አላወቅኩም።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ፣ ሞቴል

ደረስን። መንገዱን በሙሉ እኔ ነዳሁ። ዊቺታ ፎልስ፣ አማሪሎ፣ ከዚያ ያ ማለቂያ የሌለው ሜዳ። ሌላ ጊዜ ግማሹ የሰይድ ነው፤ መሪ ሲለቅ አይወድም። ዛሬ ወገቤን አለ። ወገብ ከሆነ ቦርዱ ላይ ምን ልትሆን ነው አልኩት። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደመ። ቀለል አድርጌ አለፍኩት። ዓይኔ በመንገድ ተቃጥሏል። መተኛት ብቻ።

ጃንዋሪ 25፣ እሑድ

ጥሩ ቀን።

ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ። በረዶው ሌሊት በማሽን ተደልድሎ ጠንክሯል። ለእኛ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ ግን ጠርዙ ያዘ። ተጋደምኩ፣ የእጄ ጣት በረዶውን ዳሰሰ፣ ሌላ ድምፅ የለም፣ ያ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ ብቻ። ጉልበት፣ ሆ/ል፣ ትራፊክ፣ ሁሉም ለጥቂት ጊዜ የሌላ ሰው ሆነ። ታች ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ተዘርፍጬ ተቀመጥኩ።

ሰይድ በወጣበት ሁሉ ሰው ቆሞ ያየዋል። አሁንም ከእኔ ይበልጣል። ወደ ግራ መታጠፍ ግን ከበደው መሰለኝ። ይሄ ለሁላችንም ይከብደናል፤ በዚያ በኩል ጀርባችን ነው ያለው፣ አንገት አዙሮ ማየት ይጠይቃል።

ቀትር ላይ ወደ ላይ ከሚያወጣን ሊፍት ጎጆ ጀርባ ዙህር ሰገደ። ውዱእ ሲያደርግ ያንን ፕላስቲክ ጫማ ላዩን ያብሰዋል። ለመንገደኛ ይፈቀዳል ይላል። አንዴ ሸሁን ጠይቋቸው የጫማውን ፎቶ ሲያሳያቸው፣ እሳቸው ስለ ጫማው ሳይሆን ስለ ጤንነትህ ነው የምሰጋው ብለውታል።

ጃንዋሪ 26፣ ሰኞ

በቀኝ እጄ እየጻፍኩ ነው። ግራው ታስሯል።

እኔ ቀድሜ ወርጄ ከመንገዱ ግራ ጠርዝ ቆምኩ። ብርቱካናማ ጃኬት ለብሻለሁ። ሰፊ ሜዳ፣ ከእኔ በቀር ሰው የለበትም። ሰይድ ከላይ ይመጣል። እጄን አነሣሁ። ወደ ግራ ታጠፈ፣ ወደ እኔ። አሁን ይመልሰዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልመለሰውም። ስሙን ጠራሁ። ፊቱ አልተለወጠም። የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ስነቃ በረዶ አፌ ውስጥ ነው። ሰይድ አጠገቤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጃኬቴን ይዳብሳል።

"የት ነበርክ?" አለኝ። "የት ነበርክ አንተ?"

"ቆሜ" አልኩት። "እዚህ ቆሜ።"

በበረዶ ቃሬዛ አወረዱኝ። የአንገት አጥንት፣ ግራ። ለሐኪሙ ሰይድ ራሱ ነገረው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ጨለማ ሆኖበት እንደሆነ ጠየቀው ሐኪሙ። የለም፣ ፀሐይ ነበር አለ። ሌላ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። ህመሙ ይበቃኛል።

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ፣ ሌላ ሞቴል

ቤት መድረስ ነበረብን። አልደረስንም።

መንዳት ስለተከለከልኩ ሰይድ መሪ ያዘ። ኒው ሜክሲኮን እስክንወጣ ደህና። ከዚያ አየሁት። ግራ መስታወት ለማየት ራሱን በሙሉ ያዞራል፣ እንደ ወፍ። ብዙ ጊዜ ደግሞ አያይም። አንድ ትልቅ ካሚዮን በግራችን ሊያልፈን አጠገባችን ደረሰ። ሰይድ ወደ እሱ መስመር መግባት ጀመረ። ካሚዮኑ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። በጤነኛው እጄ መሪውን ሳብኩ።

የሚቀጥለው ነዳጅ ማደያ ውጣ አልኩት። ወጣ፣ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ። ሁለታችንም ፊት ለፊት ያለውን የበረዶ መሸጫ ማሽን እያየን ቁጭ አልን።

"ግራ ዓይኔ ከጠፋ ዓመት አልፎታል" አለ። ቀኙም ዳር ዳሩ እየጠበበ ነው፣ በቧንቧ እንደማየት። ግላኮማ ነው ብለውታል። ጠብታ ታዞለት ነበር፤ ባለቤቱ ዘሀራ እንዳታይበት ብሎ ተወው። መንጃ ፈቃዱን ካደሰ በኋላ ነው የባሰበት።

ሰው ጭነህ ትነዳለህ አልኩት። በየቀኑ፣ ከኤርፖርት፣ ሰው ጭነህ።

"ሌላ ምን አውቃለሁ አበራ?" አለ። አልተቆጣም። መሪውን እንደያዘ ነው።

ቁልፉን ጠየቅኩት። ሰጠኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳውቀው እንዲህ ሽማግሌ መስሎ አይቼው አላውቅም።

ሶ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ መኪና፣ የሚነዳ የለም። ማደያው አጠገብ ሞቴል አለ። ወይንሸትን ኮል ላድርግ ስል ክንዴን ያዘ። ዘሀራ እንዳትሰማ፣ በአላህ ብሎ ለመነኝ። ሌላ ሾፌር እንፈልግ፣ አንድ ሰበብ እንፍጠር። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። አንድ ሰበብ ብሰጠው ሐሙስ ጠዋት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነው። ይሄንን ስለማውቅ ደወልኩ። ለወይንሸት አጥንቴን ብቻ ነገርኳት፤ ዘሀራም ትምጣ አልኳት። ለሰይድ ደግሞ፣ እስኪደርሱ ጊዜ አለህ፣ አንተ ራስህ ንገራት አልኩት። ካልነገርካት እኔ።

ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ጃንዋሪ 28፣ ረቡዕ

ከሰዓት ደረሱ። ወይንሸት ትከሻዬን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ እንደፈራሁት አልተናገረችኝም። ሰይድና ዘሀራ ከመኪናዎቹ መሀል ቆሙ። ሜዳው ነፋስ ነው። የሚለውን አልሰማሁም፣ እጁ ወደ ዓይኑ ሲሄድ ብቻ አየሁ።

ዘሀራ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የመኪናውን ኮፈን በመዳፏ መታችው።

"ባለፈው ወር ልጄን ከነጨቅላዋ ከሆ/ል ያመጣሃት በዚህ ዓይንህ ነው?"

ዘሀራ የእኔን መኪና ቁልፍ ተቀበለች። ሰይድ ከፊት ሊገባ ሲል ኋላ አለችው። ኋላ ገባ። እኔ ከወይንሸት ጋር። ዳላስ እስክንደርስ በየቦታው ስንቆም ሁለቱ ሲነጋገሩ አላየሁም። ሰይድም እኔን አላየኝም።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

ሆ/ል ቀለል ያለ ሥራ ሰጡኝ። ስልክ አነሣለሁ። አልጋ ከመግፋት ይልቅ ይሄ ያደክመኛል። ዛሬ ኮሪደር ላይ ከኋላዬ አልጋ ሲመጣ የጎማውን ድምፅ ሰማሁና ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። የሚገፋው ልጅ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም አላደረገኝም።

ሰይድ አይደውልም። እኔም።

አንዳንዴ እናደድበታለሁ፤ ሊገድለኝ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ እንጀራውን የቀማሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን። ወይንሸት ታጥበኛለች፣ አልፈልግም እንዳላለች። አታማርርም። ባማረረች ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ

ዘሀራ ደወለች። የተከራየውን ታክሲ መልሷል። ጠብታውን እሷ ራሷ ጠዋትና ማታ ትጨምርለታለች። ቀኝ ዓይኑን ማዳን ይቻላል ብለዋል፣ ያለውን ማለቴ፤ የጠፋው አይመለስም። ቤት ተቀምጧል፣ አይናገርም። ና አየው አለችኝ። ደክሞኛል አልኳት። እውነት ነው። ግን ፈርቼም ነው።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ

ሰይድ ራሱ መጣ። በባቡር፣ ከጣቢያው በእግሩ። ላብ በላብ ሆኗል። ሰፈራችሁን፣ ቪከሪ ሜዶን፣ በእግሬ ሳላየው ኖሬአለሁ አለ፤ ምን ያህል ሰው ነው የሚራመደው። ወይንሸት ምሳ አቀረበች። በላ። ስለ ዘሀራ አወራ፤ አሁን ታናግረዋለች፣ በብዛት እየተቆጣች።

በረንዳ ወጣን። ሁለቱ ቦርዶች ጥግ ላይ ናቸው። ያንተን ውሰድ ልለው ነበር፣ ሽጠው ልለው። ቀደመኝ። ስለ ቦርዱ ዓይን ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ አለ። በቀኙ የሚያየው ፊት ለፊት ጥሩ ነው። ሰው በሌለበት ከሆነ አልከለክልህም ብሎታል።

ማለት የነበረብኝን አልኩት። ከኋላዬ ሆነህ ስትመጣ ልቆም አልችልም፣ የጎማ ድምፅ እንኳ ያስደነግጠኛል አልኩት። ሳልጮህ።

ጣቱን በቦርዱ ጠርዝ ላይ አስኬደ።

"ከፊትህ ልሁና" አለ።

እስከ ጣቢያው ሸኘሁት። መንገድ ስንሻገር በግራው በኩል ሆንኩ፤ ሳላስበው ነው። እሱ አስተውሎታል።

ማርች 1፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ቃል አኘክኳት። ከፊት ያለ ሰው ኋላውን አያይም፣ አይጠበቅበትምም። የተራራው ሕግ ነው፤ መጠንቀቅ ያለበት ከላይ ያለው ነው። ሰይድ ከፊት ከሆነ የምጠነቀቀው እኔ ነኝ። ዓይኑ እኔ ነኝ ማለት ነው። ከባድ ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሸክም። ግን ብቻዬን ስወርድ አሰብኩት፣ ታች ደርሼ የምቀመጥበትን፣ ማንም ሳይመጣ። ያም ከባድ ነው።

ደወልኩለት። ቅድመ ሁኔታዬን ነገርኩት። በሥራ ቀን ብቻ፣ ሰፊው ሜዳ ላይ፣ ማለዳ። አንተ ከፊት። ቁም ስልህ ትቆማለህ፣ ሳትከራከር። መኪና አትነካም። ኦኬ አለ። ለሁሉም ኦኬ አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ዘሀራ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። የምትቆጣ መሰለኝ። ዓይንህን መቼ ነው የታየኸው አለችኝ። አሰብኩ። ለመነፅር እንኳ ታይቼ አላውቅም፤ የማነብበትን የገዛሁት ከሱቅ ነው። እንግዲያው ማን ማንን ሊጠብቅ ነው አለች። ማክሰኞ ሰይድ ቀጠሮ አለው፣ አንተንም አስመዝግቤሃለሁ አለች።

ለአለቃዬ መልእክት ተውኩ፣ ማክሰኞ አልገባም። በባቡር አብረን እንሄዳለን።